ያረጀ ምስል ሲጠራ አማናው አይደፍርስ

በመካ መንሱር ሰፈርም ሆነ በጅዳ ከንደራ ለረጅም ዓመታት የኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ከቁም ሣጥን በላይ ወይም ከአልጋ ሥር የተቀመጠ አንድ ካርቶን ብዙ ጊዜ አይታጣም። በውስጡ የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል። በጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ «ሐጅ»፣ «ተራዊሕ»፣ «ኒካሕ»፣ «ደርስ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከፊሉ በቤት ካሜራ የተቀረጸ ሲሆን፣ ከፊሉ ደግሞ በረመዳን ሌሊቶችና በሐጅ ቀናት በቀጥታ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ነው። ካሴቶቹን ያስቀመጡት ሰዎች አርጅተዋል። አንዳንዶቹ ወደ አገር ቤት ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹም ወደ አኺራ ሄደዋል። ካሴቱ ግን የተቀበለውን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

አሁን የልጅ ልጆች ያንን ካርቶን እየከፈቱ ነው። በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው በስልካቸው ሊያዩት፣ አዲስ አበባና ደሴ ላሉ ዘመዶቻቸውም ሊልኩት ይፈልጋሉ። ምኞቱ የተወደደ ነው። ካሴቱ ሲከፈት የሚታየው ግን እንደታሰበው አይደለም። ምስሉ በረዶ እንደሚወርድበት በነቁጥ ይሸፈናል፤ ቀለሙ ከልብሱ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ይፈስሳል፤ ከታች በኩል የተቆራረጠ መስመር ይንቀጠቀጣል። በዚህን ጊዜ አንዱ ወጣት በኮምፒውተሩ ላይ «አጥራ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ወይም ካሴቱን «በፎር ኬ ጥራት አድሰን እንመልሳለን» ለሚል ሱቅ ይሰጣል። ከቀናት በኋላ የሚያበራ ምስል ይመጣል። ቤተሰቡ ይደሰታል። ካሴቱም ከእንግዲህ አያስፈልግም ተብሎ ይጣላል።

ጥፋቱ የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ምስልን ከነቁጥ ማጥራት የሚነቀፍ ሥራ አይደለም፤ በአግባቡ ሲሠራ ለባለቤቱም ለተመልካቹም ትልቅ አገልግሎት ነው። ነገር ግን ካሴቱ ያመጣውን ቆሻሻ ማስወገድ አንድ ነገር ነው፤ ካሜራው ያላየውን መጨመር ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ሲፈጸሙና ዋናው ሲጣል፣ የኋላው ትውልድ እውነቱን ከጭማሪው የሚለይበት መንገድ ይዘጋል።

ነቁጡ ከየት ይመጣል?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የሳዑዲ ቴሌቪዥን በተከታዩ ዓመት፣ በ1965 (1385 ሒጅራ) በሪያድና በጅዳ ተከፈተ። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያሳየው በተመልካቹ ቤት አይቀርም ነበር፤ ታይቶ ያልፋል። የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን፣ ተራ ቤተሰብም ያየውን ማስቀረት ቻለ። የሐረም ተራዊሕም፣ የዐረፋ ቀንም፣ የዑለማዎች ትምህርትም ወደ ሳሎን መደርደሪያ ገቡ።

ይሁንና ካሴቱ ገና ሲቀዳ ብዙ ነገር ይጥላል። የቪኤችኤስ የጥራት መጠን 240 መስመር ገደማ ሲሆን፣ ይህም ጣቢያው ከሚያሰራጨው በእጅጉ ያነሰ ነው። ቀለሙ ደግሞ ከብርሃኑ የባሰ ይሳሳል፤ በአሮጌ ካሴት ላይ ቀይ ልብስ ከጠርዙ አልፎ የሚፈስሰው በዚህ የተነሳ ነው። በዚህ ላይ ሌሎች ጉድለቶች ይደራረባሉ። አንቴናው ደካማ ከነበረ በረዶው ከምስሉ ጋር አብሮ ተቀድቷል። የዴኩ ማንበቢያ ራስ ከቆሸሸ ነጫጭ ጭረት ይታያል። ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ከሆነ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ነቁጥ ይጨምራል። የጅዳ ሙቀትና የባሕር እርጥበትም ማግኔታዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘውን ማጣበቂያ ያላላል።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። ሳዑዲ ዓረቢያ ለዓመታት የቀለም ቴሌቪዥኗን የምታሰራጨው ሴካም በተባለው ሥርዓት ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የምትጠቀመው ፓል የተባለውን ነው። በዚያ ዘመን ጅዳ ውስጥ ከቴሌቪዥን የተቀዳ ካሴት ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ፓል ብቻ በሚያነብ ዴክ ሲከፈት፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቤተሰቡም «ቀለሙ ሞቷል» ብሎ ያዝናል። ቀለሙ ግን አልሞተም፤ ሁለቱንም ሥርዓቶች የሚያነብ ዴክ ሲገኝ እንደነበረ ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ጥቁርና ነጩን ምስል በሶፍትዌር ቀለም ይቀባዋል። በካሴቱ ውስጥ ያለው እውነተኛ ቀለም ሳይነካ ቀርቶ፣ በግምት የተቀባው ቀለም ቦታውን ይይዛል።

ማጣሪያው የሚሰጠውና የሚወስደው

የነቁጥ ማጣሪያ ሶፍትዌር አሠራሩ ምስጢር አይደለም። ነቁጥ በዘፈቀደ የሚመጣ ነው፤ በአንዱ ፍሬም እዚህ፣ በሚቀጥለው እዚያ ይታያል። እውነተኛው ምስል ግን በቦታው ይጸናል። ስለዚህ ተከታታይ ፍሬሞችን ደርቦ አማካያቸውን መውሰድ ነቁጡን ያደክመዋል። አራት ፍሬም ቢደረብ ነቁጡ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘጠኝ ቢደረብ ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ አሥራ ስድስት ቢደረብ ወደ ሩብ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ውጤቱም ያማረ ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የሚታየው ነገር በቦታው የቆመ መሆን አለበት።

ይህ ቅድመ ሁኔታ በጠዋፍ ምስል ላይ ምን እንደሚያስከትል ማየት ይቻላል። ካሜራው ከላይ ሆኖ መጣፉን ሲያሳይ ካዕባ ጸንቶ ይቆማል፤ ሰዉ ግን ይዞራል። ማጣሪያው ከልክ በላይ ሲጠነክር ካዕባና ኪስዋው ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ የሚዞሩት ሑጃጆች ግን እርስ በርሳቸው ተደራርበው ነጭ ጭጋግ ይሆናሉ። ጥሩ የተባሉት ሶፍትዌሮች እንቅስቃሴውን ተከትለው ሊያርሙ ይሞክራሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ራሶች በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ግን እነሱም ይሳሳታሉ። አባቱ በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዲት ነጥብ ሆኖ የሚዞርበት ልጅ፣ ምስሉ «ከጠራ» በኋላ ያቺን ነጥብ አያገኛትም።

ሁለተኛው ዓይነት ማጣሪያ በአንዱ ፍሬም ውስጥ ብቻ ይሠራል። ጎረቤት የሆኑ ነጥቦችን እያዋሐደ ያለሰልሳል። ፊት ላይ ያለው ነቁጥ ይጠፋል፤ አብሮትም የሽማግሌው የግንባር መስመር፣ የጢሙ ሽበት፣ የኪስዋው የወርቅ ጥልፍ ይጠፋል። ከሁሉም በላይ ጽሑፍ ይጎዳል። የዐረብኛ ፊደል አንዱ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ በነጥብ ነው። «ባ»፣ «ታ» እና «ሣ» አካላቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው የነጥቡ ቁጥርና ቦታ ብቻ ነው። ማጣሪያው ግን ትንሽን ነጥብ ከነቁጥ የሚለይበት ዕውቀት የለውም። የግዕዝ ፊደልም ከዚህ አደጋ አያመልጥም፤ «በ» እና «ቡ» የሚለዩት ከጎን በወጣች አጭር ቅጥያ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት በነጥብ መሳሳት የሚመጣውን የንባብ ጥፋት «ተስሒፍ» ብለው ሰይመው፣ ለእርሱ ለብቻው የዕውቀት ዘርፍ መድበዋል። ትናንት ጸሐፊው በድካም ያደርገው የነበረውን ስሕተት ዛሬ ማሽን በሴኮንድ ውስጥ ይሠራዋል።

ድምፁም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከምስሉ ጋር የሚመጣውን የካሴት «ሽሽሽ» ለማጥፋት የሚሠራ ማጣሪያ ቀጫጭኑን የድምፅ ክፍል ይቆርጣል። በተጅዊድ ትምህርት «ሐምስ» ያላቸው አሥሩ ፊደላት፣ ከእነርሱም ሲን፣ ሷድ፣ ሺን፣ ፋና ሃ፣ ትንፋሽ የሚፈስስባቸው ናቸው። ማሽኑ ያንን ትንፋሽ ከካሴቱ ሽሽታ አይለየውም። በዚህ መንገድ «የጠራ» የተራዊሕ ቅጂ ለጆሮ ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ የቃሪኡ መኽረጅ ግን ተነክቷል። የቁርኣን ቂራአት ያለበትን ካሴት በግድየለሽነት ማጣራት እንደማንኛውም ቪዲዮ ቀላል ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ማጥራትና መጨመር

እስካሁን የተነገረው ስለሚወሰደው ነው። በቅርብ ዓመታት የመጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጣሪያ ግን ከመውሰድ አልፎ ይጨምራል። አሠራሩ ግልጽ ነው፤ ሶፍትዌሩ እጅግ ብዙ ምስሎችን አይቶ ተምሯል፤ የደበዘዘ ፊት ሲሰጠው፣ ካያቸው ፊቶች ተነስቶ «እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ዓይን፣ አፍንጫና ከንፈር ይስላል። ውጤቱ ስለታም ነው። ተመልካች «ጠራ» ይላል። በእውነቱ ግን ያ ፊት አልጠራም፤ በሌላ ተተክቷል። ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ የሚያየው አያቱን ሳይሆን፣ አያቱን የሚመስል ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ነው።

የሐዲስ ዕውቀት ለዚህ ዓይነቱ ነገር የቆየ ስም አለው። ዘጋቢው የራሱን ቃል ምልክት ሳያደርግበት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ንግግር ውስጥ ሲያስገባ «ኢድራጅ» ይባላል። የተጨመረው ቃል በራሱ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ማብራሪያ ነው፤ በጥሩ ልብ የገባ ነው። ሊቃውንቱ ግን የጨማሪውን ልብ ንጽሕና ምክንያት አድርገው አላለፉትም። ጭማሪው ከዋናው ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስ ዘገባዎችን እያነጻጸሩ ደክመዋል። ሊለዩት የቻሉትም ዋናው ዘገባ በሌላ መንገድ ተጠብቆ ስለተገኘ ነው። አንድ ካሴት ብቻ ላለው ቤተሰብ ግን ሌላ መንገድ የለም።

በ643 ሒጅራ (1245) ያረፉት ኢብን አስ-ሰላሕ በሐዲስ ዕውቀት መጽሐፋቸው ስለ ጽሑፍ እርማት ሥርዓት ሲያስተምሩ፣ የተሳሳተውን ቃል ከመፋቅ ወይም ከማጥፋት ይልቅ መስመር ማስመር እንደሚሻል ገልጸዋል። ምክንያቱም የተፋቀ ቦታ ምን እንደነበረበት አይታወቅም፤ ለጥርጣሬም በር ይከፍታል። የተሰመረበት ግን ይነበባል፤ አራሚው ተሳስቶ ከሆነም የኋላ ሰው ይመልሰዋል። እንዲሁም በዘገባ ደረጃ ትክክል ሆኖ በቃሉ ግን ችግር ያለበት ሥፍራ ሲያጋጥም፣ ጸሐፊው ቃሉን ሳይለውጥ በላዩ ላይ ምልክት እንዲያደርግ ተምሯል። ይህም «ተድቢብ» ይባላል። እነዚያ ሊቃውንት ብራናና ቀለም እንጂ ኮምፒውተር አላወቁም፤ ያቆሙት ሥርዓት ግን ለዛሬው ሥራ ቃል በቃል ያገለግላል። ዋናውን አትንካ፤ እርማትህን ለብቻው አኑር፤ ያረምክበትን ቦታ አሳይ።

የዘመኑ ባለሙያዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢያሳ የሚባለው፣ በሥነ ምግባር መመሪያው የሚያሳስበው ለጥበቃ የሚደረግ ግልበጣ ያለ «ማሻሻያ» እንዲፈጸም፣ ማሳመርም ካስፈለገ በሌላ ቅጂ ላይ እንዲሠራ ነው። ከዩኔስኮ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመረው የማግኔት ካሴት ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክትም፣ 2025ን የመጨረሻው ወሰን አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ምክንያቱ የካሴቱ መበላሸት ብቻ አይደለም፤ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ የቪዲዮ ዴክ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

በካሴቶቹ ውስጥ ያለው ታሪክ

ጉዳዩ የአንድ ቤት ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ። ነገር ግን ከቴሌቪዥን የተቀዱት እነዚያ ምስሎች ዛሬ በዚያ መልካቸው የሌሉ ቦታዎችን ይዘዋል። በሚና የሚወገሩት ጀመራት እስከ 2004 ድረስ ምሰሶዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ለሑጃጆች ደኅንነት ሲባል ረጃጅም ግድግዳዎች ሆነዋል። መስጂደል ሐራምም በየዘመኑ በተደረጉት ታላላቅ ማስፋፊያዎች መልኩ ተለውጧል። ያንን የቀድሞ ገጽታ የያዘ የደበዘዘ ምስል የዘመኑን ፎቶግራፎች አይቶ ለተማረ ሶፍትዌር ቢሰጥ፣ የማይለየውን ክፍል በሚያውቀው ሊሞላው ይችላል። በዚህም የአንድ ዘመን ሐረም በሌላ ዘመን ግንብ ይለበጣል፤ ተመልካቹም አይጠረጥርም።

የሳዑዲ ብሮድካስቲንግ ባለሥልጣን «ዚክራያት» በተባለው ቻናሉ የቀድሞ ዝግጅቶችን ለሕዝብ መልሶ ሲያቀርብ፣ አሮጌ ምስል ምን ያህል ተመልካች እንዳለው አሳይቷል። የመንግሥት ጣቢያ ግን የራሱ መዝገብ ቤት አለው። የሐበሻው ማኅበረሰብ መዝገብ ቤት ያ ካርቶን ነው። በውስጡ ያለው የሠርግ ነሺዳ፣ የዒድ ስብሰባ፣ የሽማግሌዎች ዱዓ በሌላ ሥፍራ አልተመዘገበም።

የዑለማዎቹም ነገር እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ተወልደው በመካ ያስተማሩት ሸይኽ ሙሐመድ አሚን አል-ሐረሪ «ሐዳኢቅ አር-ረውሕ ወር-ረይሓን» የተባለውን ሰፊ ተፍሲር ትተውልን አልፈዋል። በ1442 ሒጅራ (2020) በመካ ያረፉት ሸይኽ ሙሐመድ ዐሊ አደም አል-ኢትዮጵም የነሳኢን ሱነን 40 ያህል ቅጽ በሚሆን ማብራሪያ ተንትነዋል። አላህ ይዘንላቸው። መጽሐፎቻቸው ታትመዋል፤ በየቤተ መጻሕፍቱም አሉ። የደርሱ ድባብ ግን፣ መምህሩ የሚያርፍበት ቦታ፣ ተማሪው ሲሳሳት የሚያርምበት አኳኋን፣ ለጥያቄ የሚሰጠው ዝምታ፣ በመጽሐፍ አይታተምም። ያ የሚገኘው በተቀረጸው ላይ ብቻ ነው። የእነዚህንና የሌሎችን ዑለማዎች ደርስ በካሴት የያዘ ተማሪ የዕውቀት አማና ይዟል። ፊታቸውን በማሽን አስውቦ ዋናውን መጣል አማናን መጠበቅ አይደለም።

«ለቤተሰብ ትዝታ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

ተቃውሞው የሚጠበቅ ነው፤ ከፊሉም እውነት አለው። አንዲት እናት የሟች ባሏን ፊት ያለ በረዶ ማየት ትፈልጋለች፤ የቤተ መዛግብት ሥርዓት አልጠየቀችም። በሰው ቤት እየሠራች የምትኖር ወይም በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ውድ ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብም ጊዜም የለውም። ደግሞስ ምንም ሳይደረግ ካሴቱ ከሚበሰብስ፣ በመጠኑ የተበላሸም ቢሆን ቅጂ መኖሩ አይሻልም?

ይሻላል። ስለዚህ ማንም ሰው እናቲቱን ደስታዋን አይንፈጋት። የሚያበራውን ቅጂ ትይ፤ ለልጆቿም ትላክ። ነገር ግን ያ ቅጂ መኖሩ ዋናውን መጣልን አያስከትልም። ሁለቱን አብሮ መያዝ የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው። አንዳች ነገር ሳይጎድልበት የተገለበጠ የአንድ ሰዓት የቪኤችኤስ ምስል 30 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 30 ሰዓት ያህል ይችላል ማለት ነው። ይህም የአንድ ቤተሰብ ካርቶን በሙሉ ሊሆን ይችላል። ለሱቁ ከሚከፈለው ላይ ይህን መጠየቅ መብት ነው። ደንበኛው «ያጠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ያልጠራውንም ስጡኝ፤ ካሴቱንም መልሱልኝ» ማለት አለበት። ይህን የማይፈቅድ ሱቅ ካለ ካሴቱ እዚያ ባይሄድ ይሻላል።

ቅደም ተከተሉ

ሥራውን ራሱ ለመሥራት ለሚነሳ ወጣት መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት በካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ትር ካልተሰበረች ትሰበር፤ እርሷ ከሌለች ዴኩ በስሕተት በላዩ ሊቀዳበት አይችልም። ሻጋታ የታየበት ካሴት ዴክ ውስጥ አይግባ፤ ራሱን ካሴቱንም ቀጥሎ የሚገባውንም ያበላሻል። ጤነኛ የሆነው እስከ መጨረሻ ተጠንጥኖ ይመለስ፤ የዴኩ ራስም ይጽዳ። ብዙ ሰው በሶፍትዌር ሊያጠፋው የሚታገለው ጭረት በዚህ ጽዳት ብቻ የሚለቅ ነው። በምንጩ ላይ የሚደረግ ማጥራት ከሁሉም የተሻለ ማጥራት ነው፤ ከምስሉ አንዳች አይወስድምና።

ሲገለበጥ የዴኩ ኤስ-ቪዲዮ መውጫ ካለ እርሱ ከቢጫው ገመድ ይሻላል፤ ብርሃኑንና ቀለሙን ለያይቶ ያስተላልፋልና። መስመሮቹን የሚያስተካክለው የጊዜ ማረሚያ መሣሪያ ከተገኘ ምስሉ መንቀጥቀጡን ይተዋል። መጠኑ እንደነበረው 720 በ576 ይሁን፤ በሴኮንድ 25 ፍሬም፤ በጥልፍልፍ መስመር የመጣውም በዚያው ይቀመጥ። አሠራሩ ምንም የማይጥል፣ እንደ ኤፍኤፍቪ1 ያለ ይሁን። በግልበጣው ሰዓት ምንም ማጣሪያ አይከፈት። የተገኘው ፋይል ዋናው ነው። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ጅዳ ካለ ሌላው አዲስ አበባ ቢሆን መልካም ነው።

ማጥራቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ነው። መጀመሪያ የተጠላለፉት መስመሮች በጥንቃቄ ይለያዩ፤ ቀጥሎ ነቁጡ በመጠኑ ይቀንስ፤ ከዚያ ቀለሙ ይስተካከል፤ ማሳደግና መጭመቅ በመጨረሻ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነቁጡ ከምስሉ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ሲጨመቅም ለምስሉ የሚገባውን ቦታ ነቁጡ ይበላዋል። ከታች የሚንቀጠቀጠው ጥቂት መስመርም በጥቁር ይሸፈን እንጂ፣ ምስሉ እርሱን ለመደበቅ አይለጠጥ።

ማጣሪያው ከልክ አልፎ እንደሆነ የሚታወቅበት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከዋናው ላይ የጠራው ሲቀነስ የሚቀረው ማጣሪያው የወሰደው ነው። ያ ቅሪት ተራ በረዶ ብቻ ከሆነ ሥራው ሠምሯል። በውስጡ የፊት ጠርዝ፣ የፊደል ቅርጽ ወይም የሚዞሩ ሰዎች ጥላ ከታየ ግን ከነቁጡ ጋር ምስሉም ተወስዷል፤ ማጣሪያው ይቀነስ። የወሰደውን የማያሳይ አጥሪ ምን እንደወሰደ ራሱም አያውቅም።

በመጨረሻም ምልክት ይደረግ። በፋይሉ ስም ላይ «ዋና» ወይም «የጠራ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከእርሱ ጋር በአጭር ጽሑፍ ካሴቱ መቼና የት እንደተቀዳ፣ ማን እንደያዘው፣ በማን እጅ እንደተላለፈ፣ ምን ማጣሪያ እንደተደረገበት ይስፈር። ይህ የምስሉ ኢስናድ ነው። ፊት በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተስሎ ከሆነ ደግሞ ያ በግልጽ ይነገር፤ ሳይነገር ቢቀር በዘገባ ውስጥ እንከንን መሸፈን፣ ማለትም ተድሊስ ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ነውር ነው።

ይህን ሁሉ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ይሥራው ማለት ከባድ ነው። በጅዳና በመካ ያሉ የማኅበረሰብ ስብስቦች ግን ይችላሉ። ሁለት የሚሠሩ ዴኮች፣ አንድ መገልበጫ፣ አንድ ኮምፒውተርና ጥቂት የሠለጠኑ ወጣቶች ለአንድ ሰፈር ይበቃሉ። በበጋው የትምህርት ዕረፍት ወራት ለወጣቶች ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ሥራ ለማግኘት ያስቸግራል። ካሴቱን ገልብጠው በሚያዩበት ሰዓት ሽማግሌው አጠገባቸው ቢቀመጥ ደግሞ፣ «ይህ ማን ነው?» «ይህ የት ነው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ገና አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምስሉ ቢጠራም ስሙን የሚያውቅ አይኖርም።

በቅርብ ዓመታት የዐረፋ ኹጥባ በአማርኛም እየተተረጎመ በቀጥታ መተላለፍ ጀምሯል። የዛሬው ሐጅ ጥርት ባለ ምስል ይቀረጻል፤ የነገ ሰው ለእርሱ አይቸገርም። የትናንቱ ግን በካርቶን ውስጥ ነው፤ የያዘውም ሰው አደራ አለበት። ነቁጥ ያለበት እውነት ነቁጥ ከሌለበት ግምት ይበልጣል። ማጥራት የሚችል ያጥራ፤ ዋናውን ግን ለሚመጣው እንዳለ ያስረክብ።